ፓርቲም ያልሆነ፣ ዕጩም ያልሆነ

ዳበል በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ያለች ትንሽ ቦታ ናት። ስሟን ያገነነው ሂሎ የተባለው የወርቅ ማውጫ ነው። ቁፋሮው ግጭት አስነስቶ ሰው ካለቀ በኋላ መንግሥት በመጋቢት 2024 ዘጋው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወርቁን ያነሳሁት ለምርጫ ገንዘብ ስል ነው፤ ታገሡኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከ2013ቱ ምርጫ እንነሳ። ኬንያ የካውንቲ ገዥዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠችበት ነው። ሞያሌ ባለችበት በማርሳቢት ካውንቲ የሬንዲሌ፣ የገብራና የቡርጂ ጎሳዎች ሬጋቡ የተባለ ኅብረት መሠረቱና የቦረናውን ወገን አሸነፉ፤ ዕጩአቸው ኡኩር ያታኒም ገዥ ሆኑ። ልብ በሉ፦ ያታኒ የተወዳደሩት በኦዲኤም ፓርቲ ስም ነው። ሬጋቡ ራሱ የተመዘገበ ፓርቲ አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በጊዜው የነበረው የ2011 የፓርቲዎች ሕግ የገንዘብ ምንጭህን አሳውቅ የሚለው የተመዘገበን ፓርቲ ነው። የጎሳ ኅብረት ወይም የሽማግሌዎች ጉባኤ ግን ፓርቲም ዕጩም አይደለም። የመኪናውን ነዳጅ ማን ሞላ? ለስብሰባው የታረደውን በሬ ማን ገዛ? የሚጠይቅ የለም። ሬጋቡ የተደበቀ ገንዘብ ነበረው እያልኩ አይደለም። ቢኖረውም ባይኖረውም መራጩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ሀብታም አገርም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ ኖ ሌብልስ የተባለው ቡድን ለ2024 ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጪ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ አቀርባለሁ ብሎ ሲንቀሳቀስ የለጋሾቹን ስም አልሰጥም አለ። መከራከሪያው "እኔ ፓርቲ አይደለሁም" የሚል ነበር። በሚያዝያ 2024 ዕጩ አጥቶ ሐሳቡን ተወ፤ ለጋሾቹን ግን አልገለጸም።

ኬንያ መድኃኒቱን ጽፋለች። ያታኒ ካሸነፉበት ምርጫ በኋላ የወጣው የ2013ቱ የምርጫ ዘመቻ ፋይናንስ ሕግ ስሙ ያልታወቀ ሰው የሰጠው ገንዘብ ለምርጫ ኮሚሽኑ እንዲነገር ያዛል። ምን ዋጋ አለው! ለ2017 ምርጫ ፓርላማው ራሱ አዘገየው። በ2021 ኮሚሽኑ ለአንድ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ 4.4 ቢሊዮን ሽልንግ ግድም ጣሪያ ቢያወጣም ፓርላማው ደንቡን ጣለው። ስለዚህ የ2022ቱ ምርጫ ያለ ወጪ ገደብ ተካሄደ። ገደቡ የሚያስረው የምክር ቤት አባላቱን ነው፤ የጣሉትም እነሱው ናቸው።

የዘመቻ ወጪውን መጠን በእጃችሁ ዳስሱት። የዌስትሚንስተር ዴሞክራሲ ፋውንዴሽንና አንድ የኔዘርላንድስ ተቋም በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በ2017 አንድ የፓርላማ ተወዳዳሪ በአማካይ 18.2 ሚሊዮን ሽልንግ አውጥቷል። ሞያሌ ውስጥ እረኛውም ነጋዴውም ኤም-ፔሳ በተባለው የስልክ ገንዘብ ይገበያያል። ዛሬ በአንድ ጊዜ የሚላከው ከ250 ሺህ ሽልንግ አይበልጥም፤ 18.2 ሚሊዮኑን ለመላክ 73 ጊዜ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱም የላኪና የተቀባይ ስም፣ ሰዓትና ቁጥር ትቶ ያልፋል። በከረጢት የሚመጣ ጥሬ ገንዘብ ግን ምንም አይተውም። 18 ሚሊዮን የሌላት መምህርት ወይ ተስፋ ትቆርጣለች፣ ወይ ከሚሰጣት ሰው ትበደራለች። ከዚያ በኋላ የምትሰማው ማንን ነው?

አሁን ወደ ወርቁ። የሂሎን መሬት ማን ይቆፍር፣ ፈቃዱ ለማን ይሰጥ የሚለው ሲነሳ ስለ ዳበል ናይሮቢ ላይ የሚናገረው በምርጫ የተላከ ሰው ነው። ዘመቻውን የከፈለው የወርቅ ነጋዴ ይሁን፣ የመንገድ ተቋራጭ ይሁን፣ ወይስ መቶ መቶ ሽልንግ ያዋጡ ጎረቤቶች፣ የዳበል ሰው የማወቅ መብት አለው። የዘመቻ ፋይናንስ ሕጉ ከአንድ ሰጪ የሚመጣ ገንዘብ ከጠቅላላው መዋጮ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ጠቅላላው መዋጮ ለሕዝብ ካልተነገረ ግን 20 በመቶው ከምን ላይ ይሰላል? የሚቀጥለው ምርጫ ነሐሴ 2027 ነው።