የሱሪው ወገብ እና የዘይቱ ጀሪካን

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። ሾፌሩ መሪውን ጨብጦ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲል በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል። ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን ሠራተኞች ጤና ሲከታተሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት የልብ ሕመም ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ ሾፌሮቹን እንደሚያጠቃ አሳዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ መዝገብ ገለጡ። ይህኛው የሐኪም ቤት ካርድ አልነበረም፤ ለሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ሲታደል የተጻፈ የሱሪ ልክ እንጂ። በየትኛውም የዕድሜ ክልል ቢታይ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል በሆነ፦ በእግሩ የሚሠራ ይከሳል፣ ተቀምጦ የሚሠራ ይወፍራል። ነገር ግን ልዩነቱ ገና በወጣቶቹ ሾፌሮች ላይ መታየቱ ሌላ ጥያቄ አስከተለ። ትኬት ቆራጩን ያቀጠነው ደረጃው ነው ወይስ ከመጀመሪያውም የደረጃውን ሥራ የያዙት ቀጫጭኖቹ ናቸው?

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። ትሪ ይዛ ስትመላለስ የምትውል አስተናጋጅ፣ ከአልጋ አልጋ የምትሮጥ ነርስ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድር ሠራተኛ፣ በዋሽንግተን ከሆቴል ክፍል ወደ ሆቴል ክፍል አንሶላ ስትቀይር የምትውል ኢትዮጵያዊት፣ ማታ እግራቸው አብጦ ይገባሉ። ክብደታቸው ግን ንቅንቅ አይልም። «እንዲህ እየለፋሁ ይሄ ውፍረት ከየት መጣ?» ይላሉ። ስልካቸው ላይ የካሎሪ መቁጠሪያ ጭነው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራታቸውን የሚመዘግቡትም ሳይቀሩ ሚዛኑ አንድ ቦታ ሲቆምባቸው ግራ ይጋባሉ። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ አይወጣም፦ በሥራ የሚቃጠለው ይጋነናል፣ በአፍ የሚገባው ደግሞ ይረሳል።

መቆም አንድ፣ መንቀሳቀስ ሌላ

በምግብ ማሸጊያ ላይ «ካሎሪ» ተብሎ የሚነገረው በሳይንሱ ቋንቋ ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ኃይል ማለት ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰዎችን ሙቀታቸውና ትንፋሻቸው በሚለካበት ዝግ ክፍል ውስጥ እያስቀመጡ፣ ምግብ በሰውነት ውስጥ ስንት ኃይል እንደሚሰጥ አጠኑ። የእርሳቸው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9።

የሚገባውን በዚህ መንገድ መደመር ይቻላል። የሚወጣውን ማወቁ ነው አስቸጋሪው።

«ቆሜ ነው የምውለው» የሚል ሠራተኛ ብዙ ያቃጠለ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የ46 ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች ግን፣ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ስድስት ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ ቢቆም ትርፉ 54 ካሎሪ ገደማ መሆኑን አስልተዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ያህል አለው። እንግዲህ በር ላይ ስድስት ሰዓት የቆመ ጥበቃ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ሲጠጣ፣ የቆመበትን ከሞላ ጎደል መለሰው ማለት ነው። የደከመው እግሩ ነው፤ ድካምና የተቃጠለ ካሎሪ ደግሞ አንድ አይደሉም።

መራመድ፣ ደረጃ መውጣትና ሸክም ማንሣት ከዚህ ይለያሉ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው መካከለኛ በሆነ እርምጃ አንድ ሰዓት ቢሄድ 240 ካሎሪ አካባቢ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ ግን 80 ያህሉን ተቀምጦም ቢሆን ያቃጥለው ነበር፤ የእግር ጉዞው ትርፍ ቀሪው 160 ነው። በእጅ የሚታሰረው ስማርት ሰዓት ሁለቱን ደባልቆ ሊያሳይ ይችላል። በዚያ ላይ ግምቱ ራሱ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትሹ፣ አብዛኞቹ የልብ ምትን ደህና አድርገው ቆጠሩ። ካሎሪ ላይ ሲደርሱ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የመጨረሻው ስሕተቱ 93 በመቶ ደረሰ።

ሰውነትም ይቆጥባል፣ ሆድም ይከተላል

በሰሜን ታንዛኒያ፣ ኤያሲ ሐይቅ አቅራቢያ የሚኖሩት ሐድዛዎች እያደኑና ሥራሥር እየቆፈሩ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቻቸው ልዩ ምልክት ያለው ውኃ አጠጥተው፣ ምልክቱ ከሰውነታቸው የሚወጣበትን ፍጥነት በሽንት ናሙና እየተከታተሉ፣ በቀን የሚያቃጥሉትን ኃይል ለኩ። ወንዶቹ በቀን በአማካይ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሴቶቹ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ይጓዛሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት፣ የሰውነታቸው መጠን ከግምት ሲገባ፣ ሐድዛዎቹ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ከተማ ነዋሪዎች የተለየ ካሎሪ እንደማያቃጥሉ አሳየ።

የፖንትዘር ማብራሪያ ሰውነትን በቁርጥ ደመወዝ ከሚተዳደር ቤት ጋር የሚያመሳስል ነው፦ በአንድ በኩል ወጪ ሲበዛ በሌላ በኩል ይቀነሳል። ቁጠባው ምን ያህል እንደሆነ ሳይንቲስቶች ገና ይከራከራሉ፤ ከባድ የጉልበት ሥራ ብዙ ኃይል እንደሚጠይቅ ግን የሚክድ የለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የሚጠቀሙበት መለኪያም ይህንኑ ያሳያል። የቢሮ ሠራተኛ የሚባለው ሰው በእረፍት ላይ ሰውነቱ ከሚጠቀምበት ኃይል ከ1.4 እስከ 1.69 እጥፍ ሲያወጣ፣ በሥራው የሚንቀሳቀሰው ከ1.7 እስከ 1.99፣ ከባድ ጉልበት የሚያፈሰው ደግሞ 2 እጥፍና ከዚያ በላይ ያወጣል።

ሆድ ግን ይህን ሁሉ ይከታተላል። የሥነ ምግብ ሊቁ ዣን ሜየርና ተባባሪዎቻቸው በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል በአንድ የጁት ፋብሪካ ያሉ 213 ወንዶችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1956 አሳተሙ። ሱቅ ዘርግተው ከሚቀመጡት ጀምሮ እስከ ተሸካሚዎቹ ድረስ ሁሉም ተመዘኑ፤ ምግባቸውም ተመዘገበ። በእንቅስቃሴ ከሚሠሩት መካከል ሥራው በከበደ ቁጥር የሚበሉት ጨመረ፤ ክብደታቸው ግን ተቀራራቢ ነበር። ከልክ በላይ የበሉትና የወፈሩት እነዚያ ተቀማጮቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ከባድ ሸክም የሚሸከመው የሚበላውን ያህል ይበሉ ነበር።

የኛው ሯጮች ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት አሥር የኢትዮጵያ የረዥም ርቀት ሯጮች የሚበሉትና የሚያቃጥሉት ጎን ለጎን ተለካ። በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል ይበላሉ፤ የሚያወጡት 3,300 አካባቢ ነው። ሩጫ ሥራቸው የሆነ ሰዎች እንኳ ገቢና ወጪያቸው ይህን ያህል ከተቀራረበ፣ አስተናጋጇ ሥራዋ ብቻውን ያከሳኛል ብላ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም። እርሷ ስትመላለስ የምግብ ፍላጎቷም አብሯት ይመላለሳል።

ከመሶቡ ላይ የጠፋው ቁጥር

ሰው የበላውን ሲመዘግብ ምን ያህል ይረሳል? እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ «ትንሽ እየበላን አንቀንስም» የሚሉ ወፍራም ሰዎችን ምግብና ወጪ በትክክል ለካ። በመዝገባቸው የጻፉት ከበሉት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር፤ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በግማሽ ያህል አጋንነው ተናገሩ። ይህ የግድ ውሸት አይደለም፤ መዘንጋትም ሊሆን ይችላል።

እዚህ አገር መዘንጋቱ ይብሳል። አንድ ትሪ ከበው አራት ሰዎች ሲበሉ ማን ስንት እንጀራ እንደበላ የሚያውቅ የለም። ጉርሻ አይመዘገብም። ወጥ ቤት የምትቀምሰው፣ ከልጆች ሳህን የተረፈው፣ ከጓደኛ እጅ የተዘገነው ቆሎ ሁሉ ከቁጥር ውጪ ነው። የስልኩ መቁጠሪያም ቢሆን «ሽሮ፣ አንድ ጭልፋ» ሲባል በአንዱ ቤት ድስት ውስጥ ስንት ዘይት እንደገባ ሊያውቅ አይችልም። የጾም ወጥ ቀላል ነው የሚባለውም ዘይቱ እስኪታይ ድረስ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ይይዛል።

ለዚህ ከመሶቡ ይልቅ ጀሪካኑን መቁጠር ይቀላል። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ዘይት 41,400 ካሎሪ ገደማ አለው። አራት ሰዎች ያሉበት ቤት በአንድ ወር ከጨረሰው፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 345 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። የተከፈተበት ቀን ጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ ቢጻፍ፣ በአንድ ወር ፈንታ በአርባ ቀን እንዲያልቅ ማድረግ ድርሻውን ወደ 260 ያወርደዋል። ምግቡ እንዳለ ነው፤ የተቀነሰው በቀን ወደ 85 ካሎሪ ነው። ስኳሩንም በዚሁ መንገድ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ መከታተል ይቻላል። በሥራ ቦታ የሚጠጣው 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው። ጥማት በውኃ የሚቆረጥበት ቤት ይህን ለመቁጠር አይቸገርም።

አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መቁጠር

አንዲት የ35 ዓመት አስተናጋጅ ትታሰብ፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቷ 80 ኪሎ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊንና የሴንት ጆር ቀመር ሰውነቷ በእረፍት ላይ በቀን 1,500 ካሎሪ ገደማ እንደሚፈልግ ይናገራል። መቁጠሪያው ላይ «ተቀምጬ እውላለሁ» ብትል በ1.4 ተባዝቶ 2,100 ይሆናል። «በሥራዬ እንቀሳቀሳለሁ» ብትል በ1.7 ተባዝቶ 2,550 ይደርሳል። ልዩነቱ 450 ካሎሪ ነው፤ ይህ የሥራዋ ድርሻ ነው። ሰዓቷን ከስልኳ ጋር ስታገናኘው ግን ሰዓቱ ሌላ 500 ይጨምርላታል። ያንኑ ትሪ ሁለት ጊዜ ተሸከመች። በስልኳ ላይ 3,050 መብላት ትችላለች፤ በሰውነቷ ላይ ግን 500ው ትርፍ ነው።

የሚሻለው መንገድ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። ከዝቅተኛው ግምት ተነሥታ ሰዓቱን ብትዘጋው፣ ሥራዋ ሳይቆጠር የሚቀር ትርፍ ይሆንላታል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከገባች በኋላና ከቁርስ በፊት ተመዝና የሳምንቱን አማካይ ትይዛለች። የአንድ ቀን ሚዛን ጨው፣ የወር አበባና ረዥም ሺፍት የሚያመጡት የውኃ መቋጠር ስለሚያምታታው ብዙ አይነግርም። አማካዩ ካልወረደ በቀን ከ100 እስከ 200 ካሎሪ ትቀንሳለች፤ ከሚገባው በላይ ከወረደ ትመልሳለች። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በቀን የ500 ካሎሪ ጉድለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ሰውነት ሲያንስ የሚያቃጥለውም ስለሚያንስ ፍጥነቱ በኋላ ይቀዘቅዛል።

ቸኩሎ ግማሽ ምግብ መተው ግን በእግሩ ለሚሠራ ሰው የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የመሩት ሙከራ ይህን በዓይን አሳይቷል። 36 ጤናማ ወጣት ፈቃደኞች በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል እየበሉ፣ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ 24 ሳምንት ቆዩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ብርድ አልለቅ አላቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። እንዲህ የተራበ ሰው የግንባታ መወጣጫ ላይ ሆኖ ግድግዳ ሲለስን ራሱን ቢስት ወጪው ከውፍረቱ ይበልጣል። ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ሥጋ ከምግቡ አይጉደሉ፤ ከሺፍት በፊት የሚበላውም አይዘለል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ መቁጠሩን ሳይጀምሩ ሐኪም ያማክራሉ።

ሚዛን የሌላት አስተናጋጅ በእምብርት ትክክል የልብስ ሰፊ ሜትር ጠምጥማ በወር ሁለት ጊዜ ወገቧን ልትለካ ትችላለች። ሜትርም ካጣች፣ ሞሪስ የዛሬ ሰባ ዓመት ግድም የተጠቀሙበት መለኪያ ሥራ ቦታዋ አለ፤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ስሟ ከተጻፈበት ሚስማር ላይ የተሰቀለው የደንብ ልብስ ሱሪዋ።