ቴፑ ሲያፏጭ ኪስ አይራቆት!

ዛሬ ፍቅርና ኩርፊያን ትንሽ ላሳርፋቸውና ስለ መኪና ቴፕ ላውጋችሁ። «የመኪና ቴፕ ደግሞ ምን ወግ አለው?» እንዳትሉኝ። አንድ ጓደኛዬ በቴፕ ፉጨት የተነሳ ከእንጀራው ሊፈናቀል ለጥቂት ነው የተረፈው።

ልጁ ከጎንደር ደባርቅ የሚመላለስ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ እስኪደርስ ያለ ሙዚቃ አይገፋም። ታዲያ ባለንብረቱን አስፈቅዶ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር አስገጠመ። ወዲያው ቴፑ ማፏጨት ጀመረ! መኪናው ቆሞ «ዊ...» ይላል፤ ነዳጅ ሲሰጠው «ዊዊዊይ!» እያለ ከሞተሩ ጋር ይጮኻል። ተሳፋሪው «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ጆሯችንን በላው!» ይለዋል።

የገጠመለት ሰው «አምፕሊፋየሩ ነው» አለው። ቀየረ፤ ፉጨቱ ያው! «እንግዲያው ስፒከሩ ነው» አለው። እሱንም ቀየረ፤ ፉጨቱ ያው! ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘብ ሲጠይቅ ባለንብረቱ «አንተ ልጅ፣ በቴፕ እያሳበብክ ገንዘቤን ልትጨርስ ነው? እስከ እሁድ ካልተስተካከለ ቁልፌን ታስረክባለህ» አሉት። ሚስቱ ደግሞ የስምንት ወር እርጉዝ ናት።

ቅዳሜ ማታ አዘዞ ቤቱ ሄድኩ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሁለት ዓመት ቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ዕቃ አቀባይ ነበርኩ። ሰውየው «ከመፍታትህ በፊት አድምጥ» ማለት ይወድ ነበር። እኛም አደመጥን።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳናስነሳ ቴፑን ከፈትን፤ ፉጨት የለም። ስፒከሩ ነጻ ወጣ! ሞተሩን ስናስነሳ መጣ። ይህ የዲናሞ ድምፅ ነው። ዲናሞው ባትሪ ሲሞላ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ለስላሳ አይደለም፤ ትንሽ ሞገድ አለበት። ሽቦ በደንብ ካልታሰረ ያ ሞገድ ስፒከር ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነስነው። ሙዚቃው ጠፋ፤ ፉጨቱ ቀረ። ስለዚህ የሚገባው ከቴፑ ወዲህ ነው። ሞተሩን አጥፍተን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ ድምፅ የሚወስደውን ገመድ ነቀልን። መልሰን ስናስነሳ... ጸጥ! ምስኪን አምፕሊፋየር፣ ያለ ኃጢአቱ ነበር የተባረረው።

ወንበሩን አነሳን። ጉድ በሉ! የአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነው የታሰረው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በድምፁ ገመድ በኩል ይሾልካል። ቀለሙን ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፣ ሽቦውን አሳጥረን አጠበቅን። የድምፁ ገመድ ከባትሪ ከሚመጣው ወፍራም ሽቦ ጋር አብሮ ታስሮ ስለነበር አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አሳለፍን። ፉጨቱ እልም አለ! ወጪያችን የብርጭቆ ወረቀት ብቻ።

ያስደነገጠን ግን ሌላ ነገር ነው። ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ፊውዝ የለውም! ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት ነው፤ ያውም ያን ሁሉ ሰው ጭኖ። ያን ሌሊት ሽቦውን ከባትሪው ነቅለን አሳደርነው፤ በማለዳ ፊውዝ ገዝተን እዚያው ባትሪው አጠገብ አስገባን። እናንተም ቴፕ ስታስገጥሙ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ሌላ ዓይነት ድምፅ ላስቸገራችሁ አድራሻው ይኸውላችሁ። ከሞተሩ ጋር የሚፈጥን «ቲክ ቲክ» ቤንዚን መኪና ላይ ከሆነ ካንዴላውንና ገመዱን አሳዩ፤ ናፍጣ መኪና ካንዴላ ስለሌለው እሱን አትጠርጥሩ። ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚንኳኳና የሚቆራረጥ ከሆነ የላላ ሽቦ ፈልጉ። ፍላሹ ጥሩ ሆኖ ራዲዮው ብቻ የሚረብሽ ከሆነ አንቴናውን እዩ። ከጎንደር ርቃችሁ ተራራው መሃል ስትገቡ ኤፍኤሙ «ሽሽሽ» ቢል ግን ማንንም አትውቀሱ፤ የኤፍኤም ሞገድ ተራራ ይጋርደዋል። ሁሉን ሞክራችሁ ፉጨቱ እምቢ ካለ ዲናሞውን አስመርምሩ። አደራ! «ዲናሞውን ልፈትሽ» ብሎ ሞተር እየሠራ ባትሪ የሚነቅል ካለ እጁን ያዙት፤ ዲናሞውን ሊያቃጥልባችሁ ይችላል።

እሁድ ባለንብረቱ መጡ። ጋቢና ተቀምጠው ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ አደመጡ። አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ወርደው «ነገ በጊዜ ውጣ» ብለውት ሄዱ። ልጁ እንጀራው ላይ ነው። ግን በከንቱ የተገዙት የሁለተኛው አምፕሊፋየርና የስፒከሮቹ ዋጋ አሁንም በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጣል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ እጃችሁ ኪስ ከመግባቱ በፊት ጆሯችሁ ይቅደም። ቸር እንሰንብት!