ያውቁ ኖሯል? ለባሕር ጠላቂዎች ሥርዓት ያስገኙት ፍየሎች ናቸው

ጠላቂዎች ከጥልቁ በየደረጃው እያረፉ የሚወጡበት ሥርዓት አስቀድሞ የተፈተነው በፍየሎች ላይ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ሰው በባሕር ውስጥ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር፣ በየብስ ላይ የምንሸከመውን የአየር ክብደት የሚያህል ግፊት ስለሚጨመርበት፣ ከሚተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራቱን የያዘው ናይትሮጅን በሳንባው በኩል ወደ ደሙ፣ ከደሙም ወደ ሥጋውና ወደ ስቡ ይሰርጻል፤ ስብም ከደም አምስት እጥፍ ያህል የሚይዝ ስለሆነ ዘግይቶ ይሞላል፣ ዘግይቶም ይለቃል። ጠላቂው ቸኩሎ የወጣ እንደሆነ፣ ያ ረቂቅ ነፋስ በትንፋሽ ለመውጣት ጊዜ አጥቶ፣ ክዳኑ በድንገት እንደ ተከፈተ አምቦ ውኃ በአካሉ ውስጥ አረፋ ሆኖ ያሳምመዋል።

እስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ከባልደረቦቹ ጋር በለንደን ፍየሎችን በብረት ክፍል ዘግቶ ግፊቱን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ፣ ሕመሙ የያዛት ፍየል የፊት እግሯን አንሥታ ትቆም ነበር፤ አንደበት የሌላት ፍጥረት ሥቃይዋን የገለጸችው በዚህ ምልክት ነው። በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የምርመራው ውጤት፣ ጠቅላላው ግፊት በእኩሌታ እስኪቀንስ፣ ለምሳሌ ከ30 ሜትር እስከ 10 ሜትር፣ ፈጥኖ መውጣትን ይፈቅድና ከዚያ ወዲያ በየማረፊያው መቆየትን ያዝዛል፤ የዛሬዎቹ መምህራን ግን ከታች ጀምሮ በዝግታ መውጣትን ያስተምራሉ።