ሳይሞት የተገነዘ ኮምፒውተር

በከተማችን ማመልከቻ፣ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ የሚጽፉ ትንንሽ ቤቶች ሞልተዋል። በአንዱ ቤት ውስጥ ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማለዳ «አልነሣም» ያለ እንደሆነ፥ የሚሆነውን ያየ ሰው ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል። ባለቤቱ ሣጥኑን በመዳፉ ይመታል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ «አለቀለት» ይላል፤ የተጠራውም ወጣት ጠጋኝ ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል። ፎርማት ማድረግ ማለት በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጫን ነው። የተማሪው የዓመት ድካም፣ የደንበኛው ውልም አብሮ ይጠረጋል።

ጠጋኞቻችን አይቀየሙን እንጂ፥ እኛ ይህን ፍርድ እንቃወማለን። ኮምፒውተር ሲታመም ሕመሙን ይናገራል፤ አድማጭ ነው የጠፋው። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያወጣ፥ መኪናው በተነሣ ቁጥር ራሱን እንዲመረምርና ጤነኛ ከሆነ አንዲት አጭር ድምፅ እንዲያሰማ አድርጎት ነበር። ድምፅ ማውጫ የተገጠመላቸው ማዘርቦርዶች ዛሬም ሲቸግራቸው ደጋግመው ይጮኻሉ፤ የጩኸቱ ትርጓሜ ግን እንደ ሠሪው ፋብሪካ ይለያያል።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው፥ መኪናው የት ድረስ ሄዶ እንደ ቆመ ነው። ማብሪያው ሲጫን መብራትም ድምፅም ከሌለ፥ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ያደላል። ዲቫይደሩን ትቶ ገመዱን በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት፥ ሌላ ገመድም መሞከር ገንዘብ አይጠይቅም። ይኸ ሁሉ ተሞክሮ ዝም ካለ፥ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የሚለውጠው ፓወር ሰፕላይ ይጠረጠራል። መብራት ሄዶ ድንገት በሚመለስበት ሰፈር ይህ ዕቃ ብዙ መከራ ያያል። እርሱን በሌላ ለውጦ መሞከር እንጂ ፈልቅቆ ውስጡን መነካካት አይገባም፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚመታ ኃይል ያቆያል።

ፋኑ እየዞረ ሞኒተሩ የጨለመ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የሞኒተሩ ገመድ በደንብ መሰካቱ ከታየ በኋላ፥ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፥ የሣጥኑን ብረት በእጅ ነክቶ፥ ራሙን ማውጣት ነው። ቢጫ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ አሽቶ፥ ብናኙን ጠርጎ፥ ጠቅ እስኪል መመለስ። ራሞቹ ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ እየከተቱ ማስነሣት የታመመውን ያጋልጠዋል። በዚህች በርካሽ ላጲስ የሚነሣው «ሬሳ» ቀላል አይደለም!

ሰዓቱና ቀኑ በየማለዳው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ፥ ሳንቲም የምታህለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች፤ ትለወጥ።

ሲሠራ ቆይቶ በመካከል ደርቆ የሚቀረው፥ ጠጋኞች «ስታክ አደረገ» የሚሉት፥ ይበልጥ ያደናግራል። ሁልጊዜ ከተነሣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ ሥራ ሲበዛበት የሚደርቅ ከሆነ ሙቀት ሊሆን ይችላል። አቧራ ፋኑን አንቆታል፤ ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ፓስታ ደርቋል። ፕሮሰሰር ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስበት ራሱን ለማዳን መኪናውን ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ፎርማት ምን ይፈይዳል? አቧራ በፎርማት አይጠረግም።

ፋይል ሲከፈት የሚደርቅ፥ ከውስጡም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ግን ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ነው። ያን ጊዜ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳል። ወዲያው አጥፍቶ፥ ዲስኩን አውጥቶ፥ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ቀጥሎ ሰነዱን መገልበጥ ይገባል። የታመመን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ሕመሙን ትቶ ሰነዱን ብቻ ያጠፋል።

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አንልም። ፕሮግራሙ ራሱ ሲበላሽ ወይም ቫይረስ ሲያጠቃው መድኃኒቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዐት በፍላሽ ጭኖ መኪናውን በእርሱ አስነሥቶ፥ ሰነዱን አስቀድሞ ማውጣት ይቻላል። ኮምፒውተሩን ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰው «መጀመሪያ ሰነዴን ገልብጥልኝ» ብሎ አጠገቡ ቆሞ ያስገልብጥ፤ የተገለበጠውም መከፈቱን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አይቶ፥ ፍላሹን በኪሱ ይዞ ይሂድ።