ሸክላው ድምፅ አያጎላም

ኢስታንቡል ስላለው የሱለይማኒዬ መስጊድ አንድ ወሬ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አርክቴክቱ ሲናን በጉልላቱ ውስጥ የቀበራቸው የሸክላ ማሰሮዎች የኢማሙን ድምፅ ያጎሉታል ይላል። ሐሰት ነው። ማሰሮ ከራሱ የሚጨምረው ጉልበት የለውም። ሲናን እ.ኤ.አ. በ1557 ያጠናቀቀው ሥራ በእውነቱ ብቻ ሊደነቅ ይችላል።

የጉልላቱ ጫፍ ከወለሉ 53 ሜትር ይርቃል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ወደዚያ ወጥቶ የሚመለሰው 0.3 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። በ0.05 ሰከንድ ውስጥ የተመለሰውን ጆሮ ከንግግሩ ጋር አዋህዶ ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ግን ቀጣዩን ፊደል ይሸፍናል። አናባቢ ጉልበታም ነው፤ ተነባቢ ደካማ። ያለፈው አናባቢ ገና አየር ላይ እያለ «ጠፋ» ይሁን «ተፋ» መለየት ይቸግራል። (ይህን «የገደል ማሚቶ» የሚሉት አሉ፤ አልስማማም። ማሚቶ ተለይቶ ይሰማል፤ ይሄኛው ተደራርቦ የሚጎተት ነውና «ርዝራዥ ድምፅ» እለዋለሁ።)

አሁን ወደ ማሰሮው። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ቢሉ ይጮኻል። በአንገቱ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ያለው እንደ ሞላ ሆነው ስለሚወዛወዙ ነው። ሆዱ ሲሰፋ ድምፁ ይወፍራል፤ ውሃ ሲጨመርበት ይቀጥናል። ማሰሮም እንዲሁ የራሱ ድምፅ አለው። ከእሱ ጋር የሚገጥም ሞገድ ሲደርስ በአንገቱ ያለው አየር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከሸክላው ጋር እየተፋተገም የሞገዱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሥራው መዋጥ ነው! የወለሉ ምንጣፍ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል እንጂ ወፍራሙን እምብዛም አይነካም፤ ማሰሮው የሚያስፈልገውም ለዚያ ለወፍራሙ ነው።

ምን ያህል ይውጣል? እዚህ ላይ እኛ የድምፅ ሙያ ሰዎች እንለያያለን። አንድ ማሰሮ የሚይዘው ጠባብ የድምፅ ክልል ነው፤ የአፎቹ ስፋት ተደምሮም ከጉልላቱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ፍትጊያው ካነሰ ደግሞ የያዘውን ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ርዝራዡ ራሱ ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለትም አይቻልም፤ ለቁርኣን ቂራአት ግርማ ይሰጣል ብለው የሚሟገቱ አሉ፤ ክርክራቸውን አልንቅም። ለኹጥባ (ለኢማሙ ስብከት) ግን ፊደሉ መለየት አለበት።

የምቆጣው ወሬው ዛሬ በሚሠሩ መስጊዶች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ጉልላቱ ድምፁን ያሳምረዋል ተብሎ ይገነባል፤ ኹጥባው አልሰማ ሲል ድምፅ ማጉያው ከፍ ይደረጋል። ንግግሩ በእጥፍ ሲያድግ ርዝራዡም በእጥፍ ያድጋል፤ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፊደሉ ግን እንደተሸፈነ ይቀራል። የሚሻለው ትንንሽ ማጉያዎችን በየምሰሶው ዝቅ አድርጎ፣ ፊታቸውን ከጉልላቱ አዙሮ ወደ ሰጋጁ መትከል ነው። ከሚንበሩ (ኢማሙ ኹጥባ ከሚያደርግበት መድረክ) 17 ሜትር የራቀው ማጉያ በ0.05 ሰከንድ ያህል እንዲዘገይ ይደረግ፤ ያኔ የኢማሙ ድምፅና የማጉያው ድምፅ ሰጋጁ ዘንድ እኩል ይደርሳሉ።