ጅማት አጥንት ሲሆን

አንድ ሰው ሸሚዙን ሲቆልፍ ጣቶቹ አልታዘዝ ካሉት የሚያማርረው ጣቶቹን ነው። ጃፓን ውስጥ ግን የአጥንት ሐኪም አንገቱን ይጠረጥራል። በ10 ሰከንድ ውስጥ እጁን የቻለውን ያህል ቶሎ ቶሎ እንዲጨብጥና እንዲዘረጋ ያዘዋል። ጤነኛ ሰው 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ካነሰ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው መልእክት አንገት ላይ የሆነ ነገር አንቆታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ከሚያንቁት ነገሮች አንዱ አጥንት የሆነ ጅማት ነው። አከርካሪዎቻችን ተደርድረው እንዲቆሙ የሚያያይዟቸው ጅማቶች አሉ። አንዱ ከአንገት ጀምሮ እስከ ወገብ ግርጌ፣ የአንጎልን መልእክት ከሚያደርሰው ሕብለ ሰረሰር ፊት ይወርዳል፤ ቢጫው ጅማት የሚባለው ደግሞ ከኋላው ነው። በአንዳንድ ሰዎች እነዚህ ጅማቶች በዓመታት ውስጥ ቀስ ብለው አጥንት ይሆናሉ። መቅኔ የያዘ እውነተኛ አጥንት! ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበት ቦይ አንገት ላይ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲሱ አጥንት በገባ ቁጥር የሚጠበው ይኸው ቦይ ነው።

ሕመሙ በስፋት የተጠናው ጃፓን ውስጥ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ፁኪሞቶ የተባለ ሐኪም በአስከሬን ምርመራ ያገኘውን ካሳወቀ በኋላ ጥናቱ ተስፋፋ፤ መንግሥትም ልዩ ክትትል ከሚያደርግላቸው አስቸጋሪ በሽታዎች ተርታ አስገባው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ነው፤ ወንዶች ላይ ይበዛል።

ሐኪሞቹ ቆየት ብለው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ወፍራሞች ነበሩ። ክብደት ወገብንና ጉልበትን እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል። አንገት ግን ቦርጭ አይሸከምም፤ ታዲያ የአንገት ጅማት ለምን ደርቆ አጥንት ይሆናል? ደግሞስ ሰውየው የታመመው ስለወፈረ ነው ወይስ መንቀሳቀስ አቅቶት የወፈረው ስለታመመ ነው?

በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት የመለሰው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ዘዴው ብልህ ነው። ለውፍረት የሚያጋልጡ ዘረመሎች ከእናትና ከአባት የሚወረሱት ገና ሲጸነስ ነው፤ በኋላ የሚመጣ ሕመም ሊለውጣቸው አይችልም። ስለዚህ እነዚህን ዘረመሎች የወረሱ ሰዎች ለጅማቱ መድረቅም ይበልጥ ከተጋለጡ፣ ቀዳሚው ውፍረቱ ነው። የተገኘውም ይኸው ነው፤ ጎልቶ የታየው ደግሞ ጅማቱ የደረት አከርካሪ ላይ በደረቀባቸው ሰዎች ነው። ከዚያ በፊትም ከዘራቸው ወፍራም በሆኑ ዙከር በተባሉ የላቦራቶሪ አይጦች ላይ ተመሳሳይ የጅማት መድረቅ ታይቷል።

ለመጀመሪያው ጥያቄም ፍንጭ አለ፤ ስብ ዝም ብሎ የተከመረ ጭነት አይደለም። ሌፕቲንን የመሰሉ ሆርሞኖችን እያመረተ በደም ይልካል፤ ወፍራም ሰው ደም ውስጥ ኢንሱሊንም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ጅማቱን ወደ አጥንትነት ከሚገፉት ነገሮች መካከል ተመራማሪዎች እነዚህን ይጠረጥራሉ። እኛ ዘንድ የወፈረ ሰው ሲታይ «ተመችቶሃል» ይባላል። በፍቅር የሚባል ቃል ነው፤ እኔ ግን ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለመናገር ይከብደኛል።

አጥንት የሆነውን ጅማት ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሕብለ ሰረሰሩ ክፉኛ ከተጫነ ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው። ሂራባያሺ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪም በ1970ዎቹ የጀመሩት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የአከርካሪውን የኋላ ግድግዳ በአንድ ወገን ይቆርጡታል፣ በሌላው ወገን እንደ ማጠፊያ ያሳሱታል፣ ከዚያ እንደ በር ገርበብ አድርገው ይከፍቱታል። የደረቀው ጅማት ባለበት ይቀራል፤ ሕብለ ሰረሰሩ ግን ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ይተነፍሳል።

ቦዩ የጠበበበት ሰው ቀላል በሚመስል መውደቅ እንኳ እጅ እግሩ ሊሰንፍ ይችላል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጣትህ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው፣ እጅህ ከደነዘዘ፣ እርምጃህ ከተንገዳገደ፣ ወጌሻም ሆነ ፀጉር አስተካካይ አንገትህን አያጣምምልህ። አስቀድመህ ሐኪም ዘንድ ሂድና አንገትህን በራጅ፣ ካስፈለገም በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ አስመርምር።