መሐንዲስ በሽተኛውን አያይም

ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስትሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። እዚያ ያለ የሕክምና ተማሪ ሥነ ምግባርን የሚማረው ከደብተር ብቻ አይደለም። አልጋው ላይ የተኛው ሰው ዓይን ዓይኑን ያየዋል፤ አስታማሚው «ዶክተር፣ ምን ይሻላል?» ይለዋል። የምህንድስና ተማሪስ? ፊቱ ያለው ስሌት ነው። በስሌቱ የሚጎዳው ሰው ምናልባት ገና አልተወለደም!

ስለዚህ «አትስረቅ፣ ጉቦ አትቀበል» ብቻ ለመሐንዲስ አይበቃውም። (ጉቦማ ጉቦ መሆኑ ለማን ይጠፋዋል?) የሚያስቸግረው ቁጥር መስሎ የሚመጣው ጥፋት ነው። አንድ ምሳሌ እንይ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ገደማ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 19 ኢንዶኔዥያ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ሁለቱም አውሮፕላኖች ቦይንግ 737 ማክስ ነበሩ። ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበራቸው፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ወደ ታች ይጫነው ነበር። አብራሪው መልሶ ቢያቀናው እንኳ ጥቂት ቆይቶ ዳግም ይጫን ነበር። አሁን ጉዱን ስሙ፦ አውሮፕላኑ ከሚመጣው አየር አንጻር ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች እያሉት ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር! በቢሾፍቱው አደጋ ጠዋት የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይል ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ኤምካስ የጭራውን አግድም ክንፍ በአንድ ጊዜ ከ0.6 ዲግሪ በላይ አያንቀሳቅስም ነበር። በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ተፈለገና 2.5 ሆነ። ከአራት እጥፍ በላይ! ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ደግሞ የአብራሪዎቹ ማንዋል ስለ ኤምካስ አያብራራም ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሥነ ምግባርና የሥነ ዜጋ ኮርስ ይሰጣሉ። ጥሩ ነው፤ የዚህ ታሪክ ቦታ ግን የኮንትሮል ሲስተም ክፍል ይመስለኛል። መምህሩ ስሌቱን ካሠራ በኋላ ይጠይቅ፦ 0.6 ወደ 2.5 ሲቀየር የደኅንነት ጥናቱን እንደገና የሚሠራው ማነው? ለአብራሪዎቹስ ማን ይነግራል? አለቃህ «ጊዜ የለንም፣ ፈርም» ቢልህ ምን ብለህ ትጽፍለታለህ? ደብዳቤውን እዚያው ክፍል ውስጥ ያስጽፈው፤ እንደ ስሌቱም ማርክ ይያዝለት።